የቢዝነስ ኢኮኖሚክስ ዲግሪ፦ ገቢውና ዕዳው ሲመዛዘኑ

ጥያቄ፦ በቢዝነስ ኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር ተቀባይነት ያገኘሁ ሲሆን፣ አብዛኛውን ወጪ በብድር መሸፈን ይኖርብኛል። ዩኒቨርሲቲው የሚያሳየው የተመራቂዎች አማካይ ደመወዝ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ዕዳውን ከዚህ ቁጥር ጋር ብቻ ማነጻጸር በቂ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሌላ ምን ልመልከት?

መልስ 1፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ጥቂት ከፍተኛ ተከፋዮች አማካዩን ወደ ላይ ስለሚስቡት፣ ግማሹ ተመራቂ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች የሚያገኝበትን መሃለኛ ደመወዝ ይጠይቁ፤ ሥራ ያላገኙት በስሌቱ መካተታቸውንም ያረጋግጡ። ጠቅላላ ዕዳው ከመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ እንዳይበልጥ የሚመክሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከግብር በኋላ በሚተርፈው ገንዘብ ቢለካ እመርጣለሁ።

መልስ 2፦ ወለዱን አይዘንጉ። በ6 በመቶ ዓመታዊ ወለድ የተወሰደ ብድር በ10 ዓመት ውስጥ በእኩል ወርኃዊ ክፍያ ሲመለስ፣ ለተበደሩት ለእያንዳንዱ 100 በድምሩ 133 ያህል ይከፍላሉ፤ ወለዱ ገና በትምህርት ላይ ሳሉ መታሰብ ከጀመረ ደግሞ ክፍያው ከዚህም ይበልጣል። በትምህርት ዓመታት ሠርተው ሊያገኙት ይችሉ የነበረው ደመወዝም ወጪ ነው (ኢኮኖሚክስ ሊማሩ ነውና ይህን ስሌት ከወዲሁ ቢለማመዱት አይከፋም)።

መልስ 3፦ በመጀመሪያው መልስ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የዚህ ሙያ ደመወዝ ከልምድ ጋር የሚያድግ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ዓመት ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባም። ይልቅ የሚያሰጋኝ ትምህርቱን ማቋረጥ ነው፤ ዲግሪው ቢቀርም ዕዳው አይቀርምና። ከመፈረምዎ በፊት ምን ያህሉ ተማሪ እንደሚመረቅ ይጠይቁ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። መሃለኛውን ደመወዝና የተመራቂዎቹን መጠን በጽሑፍ እጠይቃለሁ።