ወባ ሰፈሩን ሲያዳርስ ዝም፣ ኮሌራ አንድ ሰው ሲይዝ «ወረርሽኝ»? መለኪያው ምንድን ነው?

የአርባምንጭ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። እኛ ጋ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ ማለት ነው፣ ወባ ያልገባበት ቤት የለም፣ ጤና ጣቢያው ወረፋ ብቻ ነው። ማንም ግን ወረርሽኝ አይለውም። ኮሌራ አንድ ሁለት ሰው ሲይዝ ግን ወዲያው ወረርሽኝ ገባ ይባላል። በወባ የሚሞተው ሰው አይቆጠርም እንዴ?

ጤና ኤክስቴንሽን፦
ይቆጠራል ወንድሜ፣ በየሳምንቱ። ወረርሽኝ የሚያሰኘው ግን ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ከተለመደው መብለጡ ነው። ጤና ኬላችን ግድግዳ ላይ የወባ ቻርት አለ። ያለፉት 5 ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥር ይወሰድና ከአምስቱ በብዛት ሁለተኛው ትሬሾልድ (የወረርሽኝ ወሰን) ይሆናል። የዘንድሮውን በየሳምንቱ በነጥብ ምልክት እያደረግን በመስመር እናያይዛለን፤ መስመሩ ትሬሾልዱን ካለፈ ወረርሽኝ ነው፣ ወረዳ ይደወላል። ካላለፈ ኢንደሚክ ነው፣ አካባቢው ላይ ሁሌም ያለ። የ5 ዓመት መረጃ የሌለው ቀበሌ ካምናው ሳምንት ጋር ያወዳድራል፣ እጥፍ ከሆነ እሱም ወረርሽኝ ነው። ኮሌራ ግን ጭራሽ መኖር ስለሌለበት በላብራቶሪ የተረጋገጠ 1 ሰው ይበቃል።

ሚሚ ዲሲ፦
ፓንደሚክስ? በጣም ሲብስ ነው?

ላብራቶሪ ቴክኒሻን፦
አይደለም፣ ስለ ክፋቱ ሳይሆን ስለ ስፋቱ ነው። ወረርሽኙ አህጉር እያቋረጠ ዓለምን ሲያዳርስ ፓንደሚክ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ፓንደሚክ ያለው መጋቢት 2 ቀን 2012 ነው፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ታማሚ ያገኘችው ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4። በ1911 አዲስ አበባን የፈጀው የኅዳር በሽታም ያው ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ የሚያጥነው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። እና እባካችሁ፣ ኢንደሚክ ሲባል ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ወባ ኢንደሚክ ሆኖም ሕፃናት ይገድላል።

የአርባምንጭ ልጅ፦
እህቴ አመሰግናለሁ። ግን ያለፉት ዓመታት ራሳቸው ክፉ ከነበሩስ? ትሬሾልዱም አብሮ ከፍ አይልም?

ጤና ኤክስቴንሽን፦
ልክ ነህ፣ እኔንም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ትልቁ ቁጥር ስለሚዘለል አንድ ክፉ ዓመት ብቻውን አያነሳውም። ከአምስቱ ሁለቱ ክፉ ከሆኑ ግን ያነሱታል፣ ያኔ ብዙ ሰው ታሞም መስመሩ ከትሬሾልዱ በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ ቻርቱን ብቻ አላይም፤ የመድኃኒቱን ፍጆታም አያለሁ፣ ኮአርተም ቶሎ ቶሎ እያለቀ ከሆነ ሳምንቱ እስኪያልቅ ሳልጠብቅ እደውላለሁ።