ፉሚዮ ኪሺዳ «ዓለም የጠላቸው መሪ» ነበሩ?

ዘምሥራቅ፦ ሞርኒንግ ኮንሰልት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በሚያወጣው የመሪዎች የሕዝብ ድጋፍ ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ አናት፣ የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኪሺዳ ደግሞ በሥልጣናቸው ማብቂያ ግርጌ ላይ ነበሩ። ይህን ይዞ «ዓለም የጠላቸው» ማለት ስህተት ነው ባይ ነኝ።

ቆጣሪው፦ እስማማለሁ። ስለ ኪሺዳ የተጠየቀው ጃፓናዊ ብቻ ነው፤ ኬንያዊም ፈረንሳዊም አልተጠየቀም። መጠይቁ በኢንተርኔት ይሞላል፣ የሚወጣው የ7 ቀን አማካይ ነው፣ የሕንዱ ናሙና ደግሞ የሚወክለው ማንበብና መጻፍ የሚችለውን ሕዝብ ነው። ታዲያ ሁለቱን ሰዎች ምን ያወዳድራቸዋል?

ሰሎሜ፦ ሰንጠረዡን ብትጥሉት ኪሺዳ የሚድኑ መሰላችሁ! እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የጃፓኑ ማይኒቺ ጋዜጣ ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድጋፋቸው 14፣ ተቃውሞው 82 በመቶ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። በገዥው ፓርቲ ውስጥ ያሉ አንጃዎች የገንዘብ ማሰባሰቢያ ግብዣ ትኬት ይሸጣሉ፤ ከተመደበለት ኮታ በላይ የሸጠ የምክር ቤት አባል ትርፉ ይመለስለታል፤ ያ ገንዘብ ግን በሒሳብ ሪፖርት ላይ አልሰፈረም። የኑሮ ውድነቱ ተጨመረበትና ሕዝቡ «ግብር ጨማሪው መነጽር» እያለ ይቀልድባቸው ጀመር።

ቆጣሪው፦ ሰሎሜ፣ 14ቷን ብቻዋን አታምጪ። በዚያው ወር የጃፓኑ የሕዝብ ብሮድካስተር ኤንኤችኬ 25 በመቶ ነው ያገኘው። ዮሚዩሪና ኒኬይ የተባሉት ጋዜጦች «አላውቅም» ያለውን ሰው «የቱ ይቀርብዎታል?» ብለው ደግመው ስለሚጠይቁ ቁጥራቸው ከፍ ይላል። የዜና ወኪሉ ጂጂ ፊት ለፊት ሲጠይቅ መላሹ ስለሚቆጠብ ድጋፉ ዝቅ ይላል። አንዱን ተቋም ከራሱ ካለፈው ወር ጋር እንጂ ከሌላው ጋር አታነጻጽሩ።

ዘምሥራቅ፦ ውጭ አገር ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው። ኤፕሪል 2024 ለአሜሪካ ኮንግረስ ንግግር ሲያደርጉ፣ እንዲህ ያለ ጭብጨባ ከጃፓን ፓርላማ አግኝተው እንደማያውቁ ራሳቸው ቀልደዋል።

ሰሎሜ፦ ጭብጨባ ድምፅ አይሆንም። ሜይ 2023 በሂሮሺማው የቡድን 7 ጉባኤ ድጋፋቸው ከፍ ብሎ ነበር። ወዲያው ጸሐፊያቸው የነበረው ልጃቸው በጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ከዘመድ ጋር ሲዝናና የተነሳው ፎቶ ወጣና ከሥራው ተነሳ። በውጭ ጉዳይ የተገኘው ነጥብ በሳምንታት ረገፈ።

ቆጣሪው፦ የውጭውን ዓለም ስሜት የሚለካ ካሻችሁ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚካሄደው ዓመታዊ ጥናት አለ፤ ጃፓን ለዓመታት በጣም የምትታመን ኃያል አገር ሆና ወጥታበታለች። እሱም ቢሆን ስለ አገሪቱ እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም፤ ተጠያቂዎቹም ምሁራን፣ ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች እንጂ ተራው ሕዝብ አይደሉም።

ዘምሥራቅ፦ በጃፓኑ ፖለቲከኛ በአዎኪ ስም የሚጠራውን ቀመርስ? የካቢኔውና የፓርቲው ድጋፍ ተደምሮ ከ50 ከወረደ መንግሥት ይወድቃል ይላሉ።

ሰሎሜ፦ በማይኒቺ ቁጥር ድምሩ ከ50 በታች ከወረደ በኋላም እኮ ወራት ቆይተዋል። ተቃዋሚው ተከፋፍሎ ነበር። የፓርቲ ሊቀመንበርነት ዘመናቸው የሚያበቃው ሴፕቴምበር 2024 ስለነበር ኦገስት 14 ቀን አልወዳደርም አሉ፤ በቃ።

ቆጣሪው፦ ኢሺባ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ተተክተው በኦክቶበር 27ቱ የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ ገዥው ጥምረት ከ465 መቀመጫ 215 ብቻ አገኘ። ስለዚህ ቁጣው በኪሺዳ ላይ ብቻ አልነበረም።

ሰሎሜ፦ ፓርቲውን እዚያ ያደረሰውስ ማን ሆነና?