ከረጢቱን ስከፍት ያወደኝ ቡና ምን ነካው?

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቡና ነፍሴ ነው፤ ስፔሻሊቲ የሚባለውን ምርጥ ቡና መግዛት ከጀመርኩ ግን ገና ሦስት ወሬ ነው። ባለፈው አንድ ኪሎ የተቆላ፣ ያልተፈጨ የታጠበ (እሸቱ ተፈልፍሎ ፍሬው በውኃ ታጥቦ የደረቀ) ቡና ገዛሁ። የከፈትኩት ቀን ቤቱን የአበባ ሽታ ሞላው። ሲጠጣም ሎሚ ሎሚ የሚል፣ አፍ ላይ ቀለል ያለ ነበር። እንዳይበላሽብኝ ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። ጠዋት ጠዋት አወጣለሁ፣ የምፈልገውን እቀንሳለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ይኸው አምስት ሳምንት ሆነው። አሁን ሽታው የለም፤ ስጠጣው ካርቶን ካርቶን ይለኛል። ትናንትማ የሽንኩርት ሽታ ሁሉ ሸተተኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። ከረጢቱ ላይ የገበሬዎቹ ማኅበር ስም ሳይቀር ተጽፏል፤ የሰው ልፋት አበላሸሁ። የቱ ጋ ተሳሳትኩ? ደግሞስ እንደ ፌርትሬድ (ፍትሐዊ ንግድ) ያለ ማኅተም ያለበትን ቡና ብገዛ ገበሬው እውነት ይጠቀማል?

ከምጣድ አጠገብ፦
እህቴ፣ ፍሪጁ ነው የጎዳሽ። ቡና ሽታ ይስባል። ቀዝቃዛውን ከረጢት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ በከፈትሽው ቁጥር ደግሞ እርጥበት ፍሬው ላይ ያርፋል። በቀን አንዴ ለአምስት ሳምንት ማለት 35 ጊዜ ማለት ነው።

ሥራዬ ቡና መቁላት ነው። ቡና ሲቆላ ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታመቃል፤ ከዚያ ለቀናት ቀስ እያለ ይወጣል። ከረጢቱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ነገር ለዚያ ናት። ጋዙን ታስወጣለች፣ አየር አታስገባም። ስለዚህ በተቆላ ማግስት አትቸኩዪ፤ አንድ ሳምንት ገደማ ይረፍ። ስትገዢ የተቆላበትን ቀን ፈልጊ። ቀኑ ካልተጻፈበት እኔ አልገዛም። ደግሞ 250 ግራም ይበቃሻል፤ ሳያረጅ ትጨርሺዋለሽ። አፉን ግጥም አድርገሽ ከምድጃና ከፀሐይ ራቅ ያለ ቁም ሳጥን ውስጥ አኑሪው።

የግድ ብዙ ከገዛሽ ለጥቂት ቀን በሚበቃ መጠን ከፋፍለሽ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ አድርጊው። አንዱን ስታወጪ ቅዝቃዜው እስኪለቀው አትክፈቺው። አንዴ የወጣ አይመለስም።

ሒሳብ ያዥ፦
ስለ ማኅተሙ እኔ ልመልስልሽ። የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ሒሳብ ይዤ ሠርቻለሁ። ፌርትሬድ የዋጋ ወለል አለው፤ ገበያው ሲወድቅ ማኅበሩ ከዚያ በታች አይከፈለውም። በላዩ ላይ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ምን ላይ እንደሚውል አባላቱ ራሳቸው ተሰብስበው ይወስናሉ። ሬንፎረስት አሊያንስ የሚባለው ሌላው ማኅተም ደግሞ ይበልጥ የሚያተኩረው አካባቢው ላይና ሠራተኛው ላይ ነው፤ እንደ ፌርትሬድ የዋጋ ወለል አያስቀምጥም። ሁለቱም ስለ ጣዕም አይናገሩም። ስፔሻሊቲ የሚባለው ሌላ ነገር ነው፤ የሠለጠኑ ቀማሾች ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ የሰጡት ቡና ነው።

አንድ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ማኅበሩ ማኅተሙ አለው ማለት ቡናው ሁሉ በፌርትሬድ ውል ተሸጠ ማለት አይደለም። ገዢ ካልተገኘ የቀረው በተራ ገበያ ይሄዳል። ማኅተም የሌለው ሁሉም በዳይ አይደለም፤ ማኅተሙን ለማግኘት ወጪ አለው፣ ትንሽ ገበሬ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ የቆላውን ጠይቂ። የት ታጠበ? የየትኛው ዓመት አዝመራ ነው? ለገበሬው ስንት ተከፈለ? ይህን በግልጽ የሚያወጡ አሉ።

አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ሲቆላ ደግሞ ክብደቱ ይቀንሳል። ያንቺ አንድ ኪሎ ስድስት ሰባት ኪሎ እሸት ነበር። ያውም ጥሩ ቡና የቀላው ብቻ ተመርጦ ስለሚለቀም፣ ለቃሚዋ አንዱ ዛፍ ጋ ደጋግማ ትመለሳለች። ማዘንሽ ትክክል ነው።

ማለዳ፦
ይህን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። አመሰግናለሁ። አፈላሌስ? በወረቀት ማጣሪያ ነው የማንቆረቁረው፤ ቡናውን በማንኪያ እሰፍራለሁ።

ከምጣድ አጠገብ፦
ማንኪያውን ተዪና ሚዛን ያዢ። ለአንድ ሊትር ውኃ 60 ግራም ቡና፤ ለአንድ ኩባያ 15 ግራም ቡና በ250 ሚሊ ሊትር ውኃ። ውኃው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ይሁን። ልታፈዪ ስትዪ ብቻ ፍጪው። መጀመሪያ ቡናውን የሚያርስ ያህል አፍስሺና ግማሽ ደቂቃ ጠብቂ። ከጎመዘዘሽ በሚቀጥለው ትንሽ አልመሽ ፍጪው፤ ከመረረሽ ሻከር አድርጊው። ሌላውን አትንኪ፤ ሁለት ሦስት ነገር ባንዴ ከቀየርሽ የቱ እንዳስተካከለው አታውቂም።

ማለዳ፦
ተመልሻለሁ! ከተቆላ ዘጠኝ ቀን የሆነው 250 ግራም ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ 30 ግራም ውኃ ሳፈስበት እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ አረፋው ሲፈነዳ ያ የአበባ ሽታ መጣ። የድሮው ቡና አንድም ቀን እንዲህ ብሎ አያውቅም። መጀመሪያ ጎመዘዘኝ፤ አንድ ደረጃ አልሜ ስደግመው ሎሚው ጣፋጭ ሆኖ መጣ። ለቆላው ሰውም ጻፍኩለት። የታጠበበትን ቦታና የአዝመራውን ዓመት ወዲያው ነገረኝ። ለገበሬው የተከፈለውን ግን አልመለሰልኝም። ነገ ደግሜ እጠይቀዋለሁ።