ለእንግሊዝኛ መምህርነት ቻይና ጠሩኝ፤ የትምህርት ቤቱ ስም ግን አጨቃጫቂ ነው

የጣና ዳር መምህርት
ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ከፔዳ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ) በእንግሊዝኛ ዲግሪ አለኝ፤ አራት ዓመትም አስተምሬአለሁ። አንድ ኤጀንት ቻይና ውስጥ ኬጂ እንዳስተምር ውል ላከልኝ፤ በወር 14,000 ዩዋን፣ ቤት በእነሱ። የትምህርት ቤቱን ስም ሳጣራ አንዲት የውጭ መምህርት «የሁለት ወር ደመወዜን በሉኝ፣ ፓስፖርቴን ያዙብኝ» ብላ ጽፋለች። ከሥሯ ስድስት ሰዎች «ሌሊት ጥላ የጠፋች ናት፣ ትምህርት ቤቱ እንከን የለውም» እያሉ ወርደውባታል። ማንን ልመን? ኤጀንቱ ደግሞ «በቢዝነስ ቪዛ ግቢ፣ እዚህ እንቀይረዋለን» ይላል። እጄ ላይ ያለው ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ወረቀት) ብቻ ነው፤ ይበቃል?

ዓባይ ማዶ
እህቴ፣ ጭቅጭቁን ለጊዜው ተይውና ቪዛውን እዪ። ቻይና ለመቀጠር የሚገባው በዜድ ቪዛ ነው። በመጀመሪያ ቀጣሪው የሥራ ፈቃድ ማሳወቂያ ደብዳቤ ያወጣልሻል፤ ዜድ ቪዛውን በዚያ ደብዳቤ አዲስ አበባ ላይ ትጠይቂያለሽ። ከገባሽ በ24 ሰዓት ውስጥ አድራሻሽን ፖሊስ ጋ ታስመዘግቢያለሽ፤ በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ፈቃዱ፣ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃዱ ይጠየቃል። በቢዝነስ ቪዛ ገብቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ሥራ ነው። ከ2013 ጀምሮ በሚሠራበት የመግቢያና መውጫ ሕግ ቅጣቱ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ነው፤ ከበድ ካለም ከ5 እስከ 15 ቀን እስር ይጨመርበታል።

ሌላም አለ። የቻይና ደንብ የቋንቋ መምህር በመርህ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን እንዲያስተምር፣ የዚያ ቋንቋ አገር ዜጋም እንዲሆን ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት እዚህ ላይ ይከብዳል። አንዳንድ ቀጣሪ ይህን ለማለፍ ፈቃዱን «አማካሪ» ወይም «የሥነ ጥበብ መምህር» ብሎ ያወጣና እንግሊዝኛ ያስተምርበታል። ከፈቃዱ ውጭ መሥራትም በዚያው ሕግ ሕገ ወጥ ነው። ኮሪያ ብለው ቢያመጡልሽ ደግሞ ኢ-2 የሚባለው የቋንቋ መምህር ቪዛ በመደበኛው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ ከአፍሪካ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ታይላንድ ይሻላል። ኖን-ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድና የመምህራን ምክር ቤቱ ጊዜያዊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ላልመጣ ሰው በተለምዶ ቶይክ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 600 ነጥብ ይጠይቃሉ።

በእኔ እምነት «ደመወዜን በሉኝ» የተባለበት ትምህርት ቤት በዚያ ብቻ መተው አለበት።

የፔዳ ልጅ
ስለ ቴምፖው ብቻ ልመልስ። አይበቃም፤ ዋናው ዲግሪ ነው የሚረጋገጠው። ኮስት ሼሪንግሽን (የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ዕዳሽን) ከፍለሽ ካልጨረስሽ ሬጅስትራር ዋናውን አይሰጥሽም። ስለዚህ መጀመሪያ ገቢዎች ሄደሽ ቀሪውን ዕዳ አስቆጥሪ፣ ክፈዪ፣ የመጨረሻውን ደብዳቤ ይዘሽ ፔዳ ግቢ ተመለሺ። ዲግሪው ሲወጣ ስምሽ በዲግሪውና በፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመሽ እዪ። የአባት ስም አንዱ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በሁለት «ኤስ» ከተጻፈ ፋይሉ ኋላ ኤምባሲ ላይ ይቆማል። ከዚያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ውጭ ጉዳይ፣ ኤምባሲ፤ ሁሉም አዲስ አበባ ነው። የፖሊስ ማስረጃውን በመጨረሻ አውጪው፤ ስድስት ወር ካለፈው አይቀበሉትም።

ሽምብጥ
ዓባይ ማዶ ስለ ቪዛው ያለው ልክ ነው፤ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን አልስማማም። አንድ ክስ ብቻውን ትምህርት ቤትን አያስፈርድበትም፤ ስድስት ምስጋናም ነጻ አያወጣውም። ቀጣሪው ለመኖሪያ ፈቃድ ፓስፖርትሽን ወደ ኢሚግሬሽን ሲወስድ ሁለት ሦስት ሳምንት እጅሽ ላይ አይኖርም፤ በምትኩ የኢሚግሬሽኑ ደረሰኝ ይሰጥሻል። ደረሰኝ ካለ መያዝ አይደለም፤ ከሌለ ነው። ደመወዙም እንደዚያው። የአንድ ወር ደመወዝ በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ላይ በሚከፈልበት ቦታ፣ ሳታስታውቅ በድንገት የወጣች መምህርት የወር ተኩል ያህል ሳትቀበል መውጣቷ አይቀርም። ሊከፈላት ይገባል፤ ግን «ሁለት ወር በሉኝ» ከሚለው በፊት የወጣችበትን ቀንና የደመወዝ ቀኑን ማስላት ነው።

ምስጋናውን ስትመዝኚ ቀኖቹን እዪ። ስድስቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጽፈው፣ አንዱም የክፍል ብዛት፣ የሰዓት ጭነት ወይም የደመወዝ ቀን ካልጠቀሰ ለመረጃ አይሆኑም። እውነተኛ መምህር «በሳምንት 22 ክፍለ ጊዜ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን» ብሎ ይጽፋል። የምትችዪ ከሆነ አሁን እዚያ የሚሠራና በቅርቡ የለቀቀ፣ ሁለቱንም አግኚ፤ የለቀቀውን «መልቀቂያ በስንት ቀን ሰጡህ?» በይው። የቻይና የሥራ ውል ሕግ መልቀቂያውን ያዛል፤ ከሙከራ ጊዜ በኋላ ሠራተኛው በ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ፣ በሙከራ ጊዜ በ3 ቀን መልቀቅ ይችላል። መልቀቂያ ከሌለሽ አዲስ ቀጣሪ የሥራ ፈቃዱን ሊያዛውርልሽ አይችልም። ብዙው ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሌሊት ጥለው የሚጠፉትም ፈቃዳቸው ሳይሰረዝ ስለሚቀር እዚያው አገር ሌላ ሥራ ይዘጋባቸዋል።

ጠብ ቢነሣ ደግሞ ገበናውን አደባባይ ላይ አትጻፊው። ታይላንድ ስም ማጥፋትን በወንጀል ትከሳለች፤ በ2020 አንድ እዚያ የሚሠራ አሜሪካዊ ስለ ሆቴል በኢንተርኔት በጻፈው ክፉ አስተያየት ታስሮ ነበር፤ ጉዳዩ የተዘጋው ይቅርታ ጠይቆ ነው። ኮሪያ ውስጥ እውነት የሆነ ነገርም ስም ካጠፋ ሊያስከስስ ይችላል። ቻይና ላይ መንገዱ የሥራ ክርክር ግልግል ነው፤ ክፍያ የለውም፣ መብትሽ መነካቱን ካወቅሽበት ቀን አንስቶ አንድ ዓመት ጊዜ አለሽ። የባንክ ወረቀት፣ ውሉና የዊቻት መልእክቶቹ ይበቃሉ። ይህ ሁሉ ግን ፈቃዱ ሕጋዊ ለሆነ ሰው ነው።

እስኪ ውሉን አውጪና የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ቀይ ክብ ማኅተም እዪ። በማን ስም ነው?

የጣና ዳር መምህርት
ቻይንኛውን ሰው አስነበብሁት። «ኮንሰልቲንግ ኩባንያ» ነው የሚለው፤ የኬጂው ስም የለበትም።

ሽምብጥ
እንግዲያስ የተጨቃጨቁበት ትምህርት ቤት ቀጣሪሽ ላይሆን ይችላል። ለኤጀንቱ በጽሑፍ ሦስት ነገር ጠይቂው፦ የሥራ ፈቃድ ማሳወቂያው ላይ ቀጣሪ ሆኖ የሚጻፈው ማን ነው? የሥራ መደቤ ምን ተብሎ ይሞላል? የዚያ ድርጅት ንግድ ፈቃድ ላይ ያለው ባለ 18 ምልክት መለያ ቁጥር ስንት ነው? ቁጥሩን በቻይና መንግሥት የድርጅቶች መዝገብ ላይ ማንም ሰው አስገብቶ ያየዋል፤ የተፈቀደለት የሥራ ዘርፍም እዚያው ተጽፏል። በስልክ ከመለሰልሽ በጽሑፍ እንዲደግመው ንገሪው። መልሱ እስኪመጣ ለማንም ምንም አትክፈዪ፤ ኮስት ሼሪንጉን ግን ዛሬ ጀምሪው፤ ታይላንድም ብትሄጂ ዋናው ዲግሪ ያስፈልግሻል።