ለ4 ዶሮ የሚሆን ተሠርቶ የተገዛ ቤት፦ ለ10 ማስፋት ይቻላል?

የሰሚቷ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ተሠርቶ የሚሸጥ ትንሽ የእንጨት ዶሮ ቤት አለኝ። ማደሪያው 1 ሜትር በ70 ሴንቲ ነው፤ ከመሬት 40 ሴንቲ ከፍ ብሎ በእግር ቆሟል፣ የእንቁላል መጣያ ሳጥኑም እዚያው ነው። ከጎኑ 1.20 በ70 ሴንቲ የሆነ፣ ቁመቱ 1 ሜትር የሚደርስ በሽቦ የታጠረ መዋያ ተያይዞበታል። ሲሸጥልኝ "10 ዶሮ ይይዛል" ተብሎ ነበር። አሁን ያሉኝ 4 ቦቫንስ ብራውን (የእንቁላል ጣይ ዝርያ) ናቸው፣ 6 መጨመር እፈልጋለሁ። ግቢው ውስጥ 5 በ3 ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ፤ ተዳፋት ስለሆነ ክረምት ላይ ውሃ ይወርድበታል። ሌላ ቤት ሳልገዛ ይሄንኑ ማስፋት ይቻላል? ምን ያህል ዕቃስ ይፈጃል?

አናጢው፦
እህቴ፣ ይቻላል፤ ማደሪያውን ግን እንዳትቆርጪው። የእነዚህ ቤቶች እንጨት ስስ ነው፤ ክዳኑን የተሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው። አንዱን ጎን ስታነሺ ክዳኑ ይጎብጣል፣ በሩም አልገጥም ይላል። የሚሻለው አሁን መዋያ የሆነውን የሽቦ ክፍል ማደሪያ ማድረግና ከአጠገቡ ሰው ቆሞ የሚገባበት አዲስ መዋያ መሥራት ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ 8 ላይ አቁሚ። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ላይ 1.54 ካሬ ናቸው። መዋያው ቀኑን ሙሉ ክፍት ከሆነ ለ8 ዶሮ ማደሪያነት ይበቃል፤ 10 ስታደርሻቸው ግን ኩሱ ከጉዝጓዙ አቅም በላይ ይሆናል፣ መናከስና ላባ መንቀልም ይጀምራል።

አዲሱን መዋያ 4.50 በ1.70 አድርጊው፤ ለእያንዳንዷ ዶሮ ወደ 1 ካሬ ይደርሳል። 1.70 ያልኩት በምክንያት ነው። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ሳይቆረጥ ይሸፍነዋል፣ ለዝናብ መከላከያም 25 ሴንቲ ያህል ይተርፋል። በማደሪያው በኩል ያለው ጎን 1.90፣ ማዶው 1.60 ቁመት ይኑረው። ውሃው ከማደሪያው ርቆ መውረድ አለበት፤ ተቃራኒውን ካደረግሽ ክረምቱን ሙሉ ማደሪያው ላይ ይንጠባጠባል። በዝቅተኛው ጎን አሸንዳ አድርጊ።

ቋሚው በየ1.50 ሜትር ሲሆን 4 ከፊት 4 ከኋላ፣ በጠቅላላው 8 ነው። 50 ሴንቲው ስለሚቀበር አራቱ 2.40፣ አራቱ 2.10 ይሁኑ። ባሕር ዛፍ ከሆነ ልጡን ልጠሽ፣ የሚቀበረውን ብቻ ለምስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢውና ይድረቅ። ዶሮ የሚደርስበትን ክፍል አትቀቢ፣ ይለቅሙታል። ቆርቆሮው አንዱ ከተደራረበ በኋላ 75 ሴንቲ ከሸፈነ 6 ልክ ይሆናል፤ በዳርና ዳር እንዲያልፍ 7 ግዢ።

ሽቦው ሁለት ዓይነት ነው። ስስ የሆነው ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያግዳል እንጂ ውሻን አያግድም፤ ሸለምጥማጥም ይቀደዋል። ከታች 12 ሚሊ ቀዳዳ ያለው የተበየደ ሽቦ ያስፈልጋል። ባለ 1 ሜትር ወርዱን ወስደሽ 40 ሴንቲውን ወደ ውጭ አጥፊና መሬት ላይ አንጥፊው፣ ድንጋይና አፈር ጫኚበት፤ 60 ሴንቲው ወደ ላይ ይቁም። የሚቆፍር እንስሳ የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ስለሆነ ሽቦው ላይ ሲደርስ ይተዋል። ዙሪያው 12.40 ነው፤ ከመደራረቢያው ጋር 13 ሜትር ያዢ። ከዚያ በላይ ያለውን እስከ ክዳኑ በዶሮ ሽቦ ሸፍኚ፣ ሁለቱ ሽቦዎች 5 ሴንቲ ይደራረቡ። ስቴፕል ብቻ አይበቃም፣ በጉልበት ሲገፋ ይነቀላል። በየ15 ሴንቲው ብሎን ከነሰፊ ቀለበቱ ይምታበት።

የሰሚቷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የድሮውን መዋያ ማደሪያ ሳደርገው ወለሉን እንደ ሌላው 40 ሴንቲ ላንሳው?

ቆጥ በቆጥ፦
አታንሺው። ካነሳሽው የሚቀርሽ ቁመት 60 ሴንቲ ብቻ ነው። ቆጥ ሰቅለሽ ዶሮዋ ስትቆም ጭንቅላቷ ክዳኑን ይነካል፣ አየር ማስወጫ ቦታም ታጣለች። መሬት ላይ ተዪውና ቆጡን 55 ሴንቲ ላይ አድርጊው። ስፋቱ 70 ስለሆነ ሁለት ቆጥ ልክ ይገባል፤ ከግድግዳው 20፣ በመሃል 30፣ ከዚያ 20። እያንዳንዱ 1.20 ርዝመት ስላለው በድምሩ 2.40 ነው፤ ለአንድ ዶሮ 25 ሴንቲ ብትሰጪ ለ8 ይበቃና ይተርፋል። ሁለቱ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከበለጠ በየማታው ለላይኛው ይጣላሉ። እንጨቱ 5 ሴንቲ ስፋት ያለው ሞራሌ ሆኖ ጠርዙ የተላገ ይሁን።

የድሮውን ክፍል ቆጥ ንቀይውና ለመጣያ ብቻ ይሁን። ዶሮ ከፍ ያለውን ስለምትመርጥ እዚያ ቆጥ ከቀረ ማደሪያው እሱ ይሆናል፣ እንቁላሉም በኩስ ይበላሻል። ለ8 ዶሮ 2 መጣያ ይበቃል፣ 30 በ30 ሴንቲ።

ግድግዳውን በጣውላ ምቺ። ኮምፔርሳቶ ዝናብ ሲነካው ያብጣል፣ ሽፋኑም ይላቀቃል። ድርብ ግድግዳ አትሥሪ፤ ሌሊት ወጥቶ ደም የሚመጥ ቀይ ጥቃቅን ተባይ የሚደበቀው እንዲህ ባለ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ከክዳኑ ሥር በሁለቱም ረጅም ጎን 12 ሴንቲ ክፍት ትተሽ በባለ 12 ሚሊው ሽቦ ሸፍኚው። "ይበርዳቸዋል" ብለሽ እንዳትደፍኚው። የአዲስ አበባን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ደረቅ ዶሮ ይችለዋል፤ የሚጎዳቸው ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያና ቆርቆሮው ላይ የሚያልበው እርጥበት ነው። ጎንበስ ብለሽ በአፍንጫሽ ሞክሪው፤ ዓይንሽን ካቃጠለሽ አየሩ አይወጣም ማለት ነው።

ወለሉ መሬት ስለሆነ ከጣውላው ሥር ዙሪያውን 20 ሴንቲ ድንጋይ በሲሚንቶ ገንቢ። ለአይጥ ደግሞ የተበየደውን ሽቦ ከሥር አንጥፊና 10 ሴንቲ አፈር፣ በላዩ 10 ሴንቲ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የጤፍ ጭድ ጨምሪ። ከቺፑድ የወጣ ብናኝ ሙጫ ስላለው አይሁን። ከሁሉ በፊት ግን ከተዳፋቱ በላይ በኩል 30 ሴንቲ ስፋት፣ 20 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ ቁፈሪ። መዋያውንም በገረጋንቲ 15 ሴንቲ ከፍ አድርጊው። ይሄ ሳይሠራ ክረምት ከገባ ሌላው ድካም ሁሉ ጭቃ ላይ ይቀራል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦
በግንባታው ላይ የምጨምረው የለም። ስለ አዲሶቹ ዶሮዎች ግን አደራ፣ ከገበያ ቀጥታ አይቀላቀሉ። የፈንግል ክትባት መከተባቸውን ጠይቂና ቢያንስ ለ2 ሳምንት ሌላ ቦታ ለይተሽ አቆያቸው፣ የውሃ ዕቃቸውም የተለየ ይሁን። የ45 ቀን ጫጩት ከሆኑ ደግሞ ከትልልቆቹ ጋር ለማዋል ገና ናቸው። በአካል እስኪቀራረቡ ጠብቂ፤ መኖውም ይለያል፣ የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ለታዳጊ ኩላሊት ብዙ ነው።

ጊዜው ሲደርስ አዲሱን መዋያ በመሃሉ በሽቦ ክፈይና ለ1 ሳምንት እየተያዩ ይዋሉ። ከዚያ ማታ ቆጥ ላይ ሲወጡ ቀላቅያቸው። በማግስቱ መመገቢያና መጠጫው ሁለት ሁለት ሆኖ ተራርቆ ይቀመጥ፤ አንድ ብቻ ከሆነ አሮጌዎቹ ቆመው ይከለክላሉ።