ድራይቨርን ከከርነል በደኅና ስለማስወጣት፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ውድ አባላት፣ ለአዳዲስ የሊኑክስ ድራይቨር (መሣሪያን ከሊኑክስ እምብርት፣ ከከርነሉ፣ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ጸሐፊዎች የምናቀርበውን የሥልጠና ሐሳብ ጀምሬዋለሁ። እስከ ዛሬ የምናስተምረው ድራይቨር እንዴት እንደሚጫን ነው፤ አወጣጡን በጥድፊያ እናልፈዋለን። አሁን የሥልጠናው ግማሽ ጊዜ ለአወጣጡ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ። የመነሻ ዓረፍተ ነገሬ ይህ ነው፦ «የሞጁሉ ተጠቃሚዎች ቁጥር ዜሮ ሲሆን በአርኤምሞድ ይውጣ።» ሞጁል ስል ወደ ከርነሉ የሚጫነውን የድራይቨሩን ኮድ፣ አርኤምሞድ ስል የማስወጫውን ትእዛዝ ነው። እርማታችሁን እጠብቃለሁ።

የሥልጠና ክፍል አባል፦
ጋሼ፣ ግማሽ ጊዜ የሚለውን እደግፋለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ሠልጣኙን ያሳስተዋል። የተጫኑ ሞጁሎችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ፣ ኤልኤስሞድ፣ የሚያሳየው ቁጥር የሚጠብቀው የሞጁሉን ኮድ እንጂ መሣሪያውን አይደለም። አንድ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ ሳለ የዩኤስቢ መሣሪያው ቢነቀል፣ ቁጥሩ ዜሮ ባይሆንም የድራይቨሩ የማስወገጃ ተግባር ይጠራል። እምቢ ማለት አይችልም፤ መሣሪያው ሄዷልና። እዚያው ላይ የመሣሪያውን ሜሞሪ ካስለቀቅን፣ ፕሮግራሙ በቀጣዩ ንባብ ምናልባት ለሌላ ሥራ የተሰጠ ሜሞሪ ይነካል። ስለዚህ መሣሪያውን የሚወክለው መዋቅር የራሱ ቆጣሪ ይኑረው፤ ሜሞሪው የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲዘጋ ይለቀቅ። እስከዚያው ንባብም ጽሕፈትም «መሣሪያው የለም» የሚል ስሕተት ይመልስ።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ትክክል ነሽ፣ እኅቴ። ዓረፍተ ነገሩን አንሥቼዋለሁ።

ሌላ አባል፦
ቅደም ተከተሉም በግልጽ ይጻፍ። ከዓመታት በፊት በጻፍኩት ድራይቨር ታይመሩን አስቁሜ፣ ቀጥዬ ወረፋ የያዘውን ሥራ ሰረዝኩ። ታይመሩ ሥራውን ወደ ወረፋ ይልካል፤ ሥራው ደግሞ ታይመሩን መልሶ ያስነሣል። ሥራው እስኪያልቅ ስጠብቅ የቆመው ታይመር ዳግም ተነሥቶ፣ ሜሞሪው ከተለቀቀ በኋላ ደወለ። ስሕተቱ ከብዙ ጊዜ አንዴ ብቻ ስለሚታይ መንሥኤውን ለማግኘት ብዙ ቀን ፈጀብኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የከርነል 6.2 ዕትም ታይመሩን ዳግም እንዳይነሣ አድርጎ የሚዘጋ ተግባር ስላመጣ፣ ሠልጣኞች እርሱን ይልመዱ።

እኔ የማቀርበው ተራ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ምዝገባው ተሰርዞ አዲስ ተጠቃሚ እንዳይገባ በሩ ይዘጋ። ቀጥሎ መሣሪያው ራሱ ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ሥራ አቋርጦ እንዲያስተናግደው የሚጠራ ምልክት) መላክ እንዲያቆም ይደረግ፤ የኢንተራፕት መስመሩ ከሌላ መሣሪያ ጋር የሚጋራ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። ከዚያ መስመሩ ይለቀቅ፤ የመልቀቂያው ተግባር በመካሄድ ላይ ያለው የኢንተራፕቱ አስተናጋጅ ኮድ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ታይመርና የወረፋ ሥራ ይከተሉ፤ ሜሞሪ የመጨረሻው ይሁን።

የሥልጠና ክፍል አባል፦
አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በዴቭኤም (መሣሪያው ሲወገድ ከርነሉ ራሱ በሚያስለቅቅበት ዘዴ) የተጠየቀ ኢንተራፕት የሚለቀቀው የማስወገጃው ተግባር ካበቃ በኋላ ነው። በዚያው ተግባር ውስጥ ሜሞሪውን በእጁ የሚያስለቅቅ ሠልጣኝ ተራውን ሳያውቀው ይገለብጠዋል።

የሰርቨር ጥገና አባል፦
ሞጁል አልወጣ ሲል በግዳጅ ማስወጣትስ? ብዙዎች ይጠይቁናል።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
በረቂቁ አይገባም። ግዳጁ የሚሠራው ከርነሉ ሲገነባ ከተፈቀደ ብቻ ነው፤ ከተጠቀምንበትም ከርነሉ ራሱን እንደተበከለ፣ ማለትም አስተማማኝነቱ እንደተጓደለ፣ ይመዘግባል። ወንድሜ፣ አገልግሎት ላይ ባለ ሰርቨር እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ማሽኑን በተያዘለት ሰዓት አጥፍቶ ማስነሣት ይሻላል፤ ይህን በግልጽ እጽፋለሁ። የነቀላውን መልመጃ ማን ያዘጋጅ?

የሥልጠና ክፍል አባል፦
እኔ እወስደዋለሁ። ፋይሉ እየተነበበ ሳለ መሣሪያውን ደጋግሞ መንቀል ይሁን፤ የሜሞሪ ስሕተት መርማሪው ካሳን በርቶ።