ነጻነት ታወጀ፣ ተሰጠ ወይስ ተቀዳጀ?

የፒያሳው፦ ሰላም ቤቶች። ከጓደኛዬ ጋር ስታዲየም አካባቢ ቡና ይዘን ተጨቃጨቅን። እሱ «ጋና ነጻነቷን አወጀች» ይላል፣ እኔ «ተቀዳጀች» እላለሁ። ልዩነት አለው?

አራት ኪሎ፦ አለው እንጂ! አዋጅ ማንም ተነስቶ የሚናገረው ነገር አይደለም። ድሮ ነጋሪት ተጎስሞ «አዋጅ፣ አዋጅ፣ የደበሎ ቅዳጅ፣ የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ሲባል ከጀርባው ንጉሥ አለ። (ቅዳጁን ከተቀዳጀ ጋር እንዳታምታቱት፣ ያኛው ከመቅደድ ነው።) ስለዚህ ተገዢ አገር «አወጅኩ» ስትል፣ ገና ማንም ሳያውቃት የገዢውን ወንበር ይዛ ነው የምትናገረው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1776 ያጸደቁት ወረቀት እንዲህ ያለ ነው፤ የንጉሥ ጆርጅን በደል አንድ በአንድ ዘርዝረው ከእንግዲህ ነጻ ነን አሉ፣ እንግሊዝ ግን ተዋግታ ተዋግታ የፈረመችላቸው በ1783 ፓሪስ ላይ ነው። ሄይቲ በ1804 አወጀች። ፈረንሳይ እውቅና የሰጠቻት በ1825፣ ያውም 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ክፈይ ብላ። ባሪያ ሆኖ የኖረው ለጌታው ካሳ ከፋይ፣ ጉድ እኮ ነው! ጊኒ ቢሳውም በ1973 ጦርነቱ ሳያልቅ አወጀች፤ ፖርቱጋል የተቀበለችው በዓመቱ፣ ሊዝበን ላይ መፈንቅለ መንግሥት ከተካሄደ በኋላ ነው።

ጋና ግን ሌላ ናት። የለንደን ፓርላማ በ1957 የነጻነቷን ሕግ አወጣ፣ ቀኑም ማርች 6 ተብሎ ተቆረጠ። ስለዚህ የፒያሳው፣ ያንተ ይሻላል። መቀዳጀት አክሊል መድፋት ነው፣ መጎናጸፍ ደግሞ ካባ መደረብ፤ ማን እንዳቀበለ ግሱ አይነግርህም። «ተሰጣት» የሚለውን ግን አልወደውም፣ የታገሉትን ሰዎች ልፋት ይውጠዋል። የትግሉ መሪ ንክሩማ ራሱ እኮ ቀደም ሲል ታስሮ ነበር።

ካሳንቺስ፦ በ«ተሰጣት» እስማማለሁ። ግን ያው ንክሩማ እኩለ ሌሊት ላይ አክራ ሕዝብ ፊት ቆሞ አገራችን ነጻ ወጣች ሲል፣ ያ አዋጅ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

አራት ኪሎ፦ ብሥራት ነዋ። ያለቀለትን ጉዳይ ነው ያበሠረው። አዋጅ የምልህ የኢንዶኔዥያው ነው፤ መሪያቸው ሱካርኖ ኦገስት 17 ቀን 1945 አወጀ፣ ሆላንድ ሥልጣኑን ያስረከበችው በ1949 መጨረሻ። በዓሉን የሚያከብሩት በኦገስቱ ነው፣ ርክክቡን ከነመኖሩም አይቆጥሩትም።